ምግብ ቤት ውስጥ የእንግዳ ልደት ስናከብር፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ሂሳቡ

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ዳር፣ ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ በሉ፤ ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ኬክ ተቀምጦ ታያላችሁ። የካ አባዶም፣ ሰሚትም፣ ቱሉ ዲምቱም እንደዚሁ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሃያ ሰው አይችልም። ድሮ ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥሮ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሶ የልጁን ልደት ያከብር የነበረ ቤተሰብ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አብረውት የኖሩት ጎረቤቶች አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ደርሷል። ስለዚህ ወደ እኛ ይመጣል። ጎረቤት ይሠራው የነበረውን፣ ማጨብጨቡን፣ እልል ማለቱን፣ «እንኳን ተወለድሽ» ማለቱን እኛ አስተናጋጆች እንሠራለን።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ አስተናጋጅ፣ በኋላ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ቆይቻለሁ፤ አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የማሠለጥነውም እኔ ነኝ። ብዙ ቤት የሚታየው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ልደት ሲባል ሙዚቃው ይከፈታል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ስምንት አስተናጋጅ እያጨበጨበ ከኪችን ይወጣል፤ ባለልደቷ ግን ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። ማን እንደሆነች፣ በምን ስም እንደምትጠራ፣ ምን እንደምትበላ ሳታውቁ ሻማ አትለኩሱ። ከዚህ በታች ከሻማው ይልቅ ስለ ጥያቄው የማበዛው ለዚህ ነው።

ስልኩ ሲደወል

ቦታ ለመያዝ የደወለ ሰው «ልደት አለን» ሲል፣ «እሺ፣ ስንት ናችሁ?» ብሎ ስልክ መዝጋት አይቻልም። ካሸሯ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ስልኩን ያነሳ ማንም ይሁን ማን እነዚህን ጠይቆ ይጻፍ፦

– ባለልደቱ ማነው? ዕድሜው በግምት? ቤተሰቡስ ምን ብሎ ነው የሚጠራው?
– ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ? ሰዓቱስ?
– ጾም አለ? የማይበሉት ነገርስ?
– ባለልደቱ ያውቃል ወይስ ሰርፕራይዝ ነው?
– በቅርብ ጊዜ ሐዘን ደርሶባቸዋል?
– ኬኩን ማን ያመጣል?

ሁሉም ተደማምሮ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

የቀኑ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን ይሳሳትበታል። የእኛ መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ያለው መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 12 ነው። ያው የአንድ ሰው ልደት በእኛ ሲቆጠርና በፈረንጅ ሲቆጠር በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል። እናት በእኛ አስባ ለሐሙስ ቦታ ትይዛለች፣ አክስት በስልኳ ማስታወሻ ተመርታ ለዓርብ ኬክ ታዛለች። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡላቸው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ከገጠማችሁ ደግሞ ተደሰቱበት፤ ቀኑን የሚያገኘው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በ2011 ነበር፣ በ2015 ነበር፣ ቀጥሎ በ2019 ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እኔ ብሆን ከቤቱ የሆነ ነገር ጨምሬ አቀርብለታለሁ።

ሰዓት ላይ ችግር የሚመጣው ከውጭ አገር በሚደውሉ ዘመዶች ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ የደወለ ልጅ ለእናቱ «ለሰባት ሰዓት» ብሎ አዘዘ። እኛ ለምሳ አሰናድተን ጠበቅን፤ እሱ ያሰበው በፈረንጅ ሰባት፣ ማለትም ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። ኬኩ ከፍሪጅ ወጥቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ቆየ፣ ክሬሙ ወረደ። ከዚያ ወዲህ «ከቀኑ ነው ከምሽቱ?» ሳንል ሰዓት አንጽፍም። የምሽት ልደት ከሆነም ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ኬኩ እንዲቆረስ እመክራለሁ። እዚህ ዳር ላይ ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፤ ሰዓቱን በዓይኑ የሚቆጥር እንግዳ አይጫወትም።

ጾሙን አስቀድሞ ማወቅ

ረቡዕና ዓርብን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ነው፤ የሚያዘወትሩትን እንግዶች በዚያ ሰሞን «የጾም ኬክ ነው እንዴ?» ብላችሁ አታስደንግጡ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያለው የፍልሰታ ሁለት ሳምንት፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው ጾመ ነቢያት ደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

የጾም ኬክ ሲባል እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለውም ማለት ነው፤ ይህን ኬክ ቤቱ ያውቃል። የሚዘነጋው ጌጡ ነው። ከላይ የሚያብለጨልጨው ጄሊ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ዳቦው የጾም ሆኖ ጌጡ የፍስክ ከሆነ ለሚጾመው ሰው ያው ነው። ሙስሊም እንግዶችም ይህንኑ ጄላቲን ይጠይቁበታል፤ እነሱ በተጨማሪ ኬኩ በአልኮል የረሰረሰ እንዳይሆን ይፈልጋሉ። ሲታዘዝ በግልጽ ጠይቁ፣ «አይመስለኝም» የሚል መልስ አትቀበሉ። በረመዳን ልደት ከተያዘ ኬኩ የሚወጣው ካፈጠሩና ከሰገዱ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቴምርና ውኃ ጠረጴዛው ላይ ይድረስ።

ሐዘን አለ ወይ?

ይህች ጥያቄ ደብተሩ ላይ የገባችው በእኔ ጥፋት ነው። የአንድ ወጣት ጓደኞች ሰርፕራይዝ አዘዙ። ልጁ ሲገባ ጥቁር ሹራብ ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ኬኩን ይዤ ከኪችን ወጥቼ ነበርና ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ልጁ ተነሥቶ ቆመ፣ ሁላችንንም በአክብሮት እያየ እንባው ወረደ። ለካስ አባቱ ካረፉ ገና 40 ቀናቸው አልሞላም። ጓደኞቹ ክፉ አላሰቡም፤ ትንሽ ልቡ ይረፍ ብለው ነው። ቢጠየቁ ግን ይነግሩን ነበር።

ሐዘን ካለ ልደቱ ይሰረዝ አልልም። ሻማና ጭብጨባ ሳይኖር ኬኩ ተቆራርጦ ከቡና ጋር ይቅረብ። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰህ» ይበል። ያ ልጅ በሌላ ቀን ተመልሶ መጥቶ የነገረኝ፣ የከበደው ሰው ሁሉ ዞሮ ማየቱ እንደነበር ነው።

ኬኩ፣ ስሙና ኮብልስቶኑ

ኬክ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። በእኔ ልማድ አንድ ኪሎ ቶርታ ስምንት ሰው በደንብ ያዳርሳል፣ ቁራሹ ትንሽ ከሆነ አሥር። ሃያ እንግዳ ካለ ሁለት ኪሎ ተኩል እዘዙ፤ የሚተርፈው ለልጆቹ ቤት ይሄዳል።

ስሙን በስልክ ተናግራችሁ አታስጽፉ፤ በጽሑፍ መልእክት ላኩ። ሠናይት በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ሐና በሐመሩ ነው ወይስ በሃሌታው? ጸጋ በጸሎቱ ወይስ በፀሐዩ? ለአንዳንዱ ሰው ግድ የለውም። አባቷ ፊደሉን መርጠው ስም ላወጡላት ሴት ግን ግድ ነው፤ ኬኩ ላይ ያለው የሚነበበው በሁሉም ፎቶ ነው። ቤተሰቡ እንዴት እንደሚጽፈው ጠይቃችሁ ያንኑ አስተላልፉ።

ከዚያ መንገዱ አለ። ጥሩ ኬክ ቤት የሚባለው ብዙ ጊዜ ቦሌ ወይም ፒያሳ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ዋናውን አስፋልት ለቆ ኮብልስቶን ላይ ይወጣል። ባጃጅ ውስጥ የገባ ባለሁለት ደርብ ኬክ ቀጥ ብሎ ሲወርድ አላየሁም። ግዴታ ከሆነ ካርቶኑ በጠፍጣፋ ትሪ ላይ ተደርጎ ጭን ላይ ይያዝ፤ መኪና ካለ ግን ወንበር ላይ ሳይሆን እግር ማሳረፊያው ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ወንበሩ ዘንበል ያለ ነውና። ከቻላችሁ ሰፈራችሁ ካለ ኬክ ቤት ጋር ተስማሙ። በራሳችሁ ኪችን የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደሆነች አትርሱ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ያብጣል፣ ሳይበስል መሐሉ ይሰምጣል። ከውጭ አገር የተቀዳ አሠራር ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱ።

እንግዳው ከውጭ ኬክ ይዞ ሲመጣ የምታስከፍሉት ካለ በስልኩ ጊዜ ተናገሩ። ቀብዱም፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምርም እንዲሁ። ሂሳብ ላይ ድንገት የሚታይ ክፍያ የዋለበትን ደስታ ሁሉ ያበላሻል።

ማን ይዘምራል፣ ለማን

አራት ወይም አምስት አስተናጋጅ ይበቃል። ሁሉም ከወጣ ሌላው ጠረጴዛ ሳህኑ ሳይነሳ፣ ሂሳቡ ሳይመጣ ይቀራል። ከአምስቱ አንዱ ኬኩን ይይዛል፣ አንዱ ዜማውን ያስነሳል፣ አንዱ ቢላና ሳህን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ዜማ የሚያስነሳው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምር፤ ከፍ አድርጎ ከጀመረው ስሙ ጋ ሲደርስ ሁሉም ይሰነጠቃል።

መዘመር የማይፈልግ ሠራተኛ አይገደድ። የይሖዋ ምስክር የሆነ ሠራተኛ በእምነቱ ልደት አያከብርም፤ የራሱ ሐዘን ያለበትም ይኖራል፤ ዓይን አፋርም አለ። እነሱ በዚያ ሰዓት ሌላውን ጠረጴዛ ይያዙ። ይህ ለቤቱም ይጠቅማል፤ ያለ ልቡ የሚያጨበጭብ ሰው ከሩቁ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዜማው። ያን ሁሉም የሚያውቀውን «መልካም ልደት» በአማርኛ ስንዘምረው መምረጥ አለብን፦ ላንተ፣ ላንቺ፣ ለእርስዎ፣ ለእናንተ። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ይገላገለዋል፣ የእኛ ግን አይችልም። አምስት ሰው ሳይስማማ ከወጣ ሁለቱ «ላንቺ» ሦስቱ «ለእርስዎ» ይላሉ፣ ይህም ለጆሮ ያስቀይማል። ከኪችን በር ሳትወጡ ቃሉን ተነጋገሩ፣ አንድ ጊዜ በሹክሹክታ በሉት። ስሙም እንዲሁ ነው፤ መታወቂያ ላይ ያለው ስምና ጠረጴዛው ላይ የሚጠራው ስም ይለያያል። ቤተሰቡ «ሚሚ» የሚላትን ሴት በሙሉ ስሟ ብትዘምሩላት «ማን ናት?» ተባብለው ይተያያሉ።

ስልካቸው ላይ ያዩትን የአሜሪካ ምግብ ቤቶች የጭብጨባ ዘፈን ለማስመሰል የሚሞክሩ ልጆች አሉ። የዚያን ነገር ምንጩን ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ለተለመደው የልደት መዝሙር ግጥም አንድ ኩባንያ የባለቤትነት ክፍያ ይጠይቅበት ነበር፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ከክፍያው ለመሸሽ የራሳቸውን ዘፈን አወጡ። ፍርድ ቤት ኩባንያው በግጥሙ ላይ መብት እንደሌለው የወሰነው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተዘጋ። እነሱ ተቸግረው የፈጠሩትን እኛ ሳንቸገር የምንቀዳበት ምክንያት የለም። እልልታ አለን፣ የእጅ ጭብጨባችን የራሱ ምት አለው፣ ፈንዲሻ አለን። አንዲት እልል የምትል ሴት አስተናጋጅ ካለቻችሁ ከማንኛውም ስፒከር ትበልጣለች።

በጠቅላላው ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ሌላ እንግዳ ለምሳ ነው የመጣው።

መብራትና ሻማ

አዳራሹን ሙሉ በሙሉ አታጨልሙ። እዚህ አካባቢ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሰው ወዲያው የሚያስበው መብራት ኃይልን ነው። ግማሹ የስልክ ባትሪውን ያበራል፣ ጥበቃው ጀነሬተር ለማስነሳት ይሮጣል፣ ኬኩ በጀነሬተር ጩኸት መሐል ይወጣል። በጠረጴዛው በላይ ያለውን መብራት ብቻ አጥፉ፤ ጥበቃውም አስቀድሞ ይነገረው።

የኬክ ርችት የምንለው ነገር እንደ ሻማ አይታይ። የብረታ ብረት ዱቄት ነው የሚነደው፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ዳር አካባቢ ያሉ ብዙ ቤቶች ደግሞ ጎጆ አላቸው፦ የሣር ክዳን፣ የቀርከሃ ግድግዳ፣ በበዓል ሰሞን የደረቀ ቄጠማ ወለሉ ላይ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ርችት በፍጹም አይለኮስ፤ ተራ ሻማ ይበቃል። በብሎኬት አዳራሽ ውስጥም ቢሆን ከመጋረጃና ከፊኛ ይራቅ፣ ሕፃን ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ይጠበቅ፣ የነደደው ዘንግ ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይግባ። ጠፍቶም ያቃጥላል። የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ አምስቱም ይወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳትና አደጋ ስልኩ 939 ነው፤ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

የቁጥር ሻማ ሳታስፈቅዱ አታድርጉ። ዕድሜዋ እንዲታወቅ የማትፈልግ ሴት አለች፤ ከዚህም በላይ የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁ አረጋውያን ብዙ ናቸው።

ለእናትና ለአያት ሲሆን

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፤ ከሁሉም በላይ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው።

አንድ ቀን ልጆቻቸው ከውጭ የመጡላቸው እናት ልደት ነበረን። ሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መሐል ተቀምጠዋል። ስድስት ሆነን እየጮህን መጣን፣ «ላንቺ» እያልን ጭምር። እናታችን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አቀረቀሩ። ልጆቻቸው ይስቃሉ፣ ይቀርጻሉ። እኔ ግን እጃቸውን አየሁት፤ የነጠላቸውን ጥበብ ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያሻሹት ነበር። ያፈረ ሰው እጅ ነው።

በዓመቱ ያው ቤተሰብ ደወለ፤ ቀኑ ጥቅምት 13። ዓመቱን አያውቁትም፣ «የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው የተወለድኩት» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ትልቋን ልጃቸውን «ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯቸው?» አልኳት። «እምዬ» አለችኝ። እንዲህ አደረግን። ሙዚቃው ተዘጋ። ኬኩን ሁለት ሆነን ይዘን ቀስ ብለን ሄድን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና ጎንበስ ብለን «እምዬ፣ እንኳን አደረሰዎት። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ይመርቁን» አልናቸው። እሳቸው ተነሥተው ቆሙ። ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለእኛ፣ ለኪችኑ ሳይቀር መረቁ፤ እኛ «አሜን» እንላለን፣ ከጎን ያለው ጠረጴዛም «አሜን» ማለት ጀመረ። ምርቃቱ ሲያበቃ እልልታው ሳይታዘዝ መጣ። መዝሙሩን የዘመርነው ከዚያ በኋላ ነው፣ «ለእምዬ» እያልን፣ በለሆሳስ።

አሠራሩ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ምርቃት፣ ቀጥሎ መቁረስ፣ መጨረሻ መዝሙር። ሻማ እፍ እንዲሉ አታስጨንቋቸው፤ የልጅ ልጅ ያግዛቸው። አንዳንዶቹ ከኬክ ይልቅ ድፎ ዳቦ ይመርጣሉ፤ ቤተሰቡን ጠይቃችሁ ድፎ ብታቀርቡ ቢላውን አያያዛቸው ራሱ ይለወጣል። ምርቃት ሲረዝም ሰዓታችሁን አትዩ፣ ሳህን አታንኳኩ።

ልጆች

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጩኸት ይደነግጣል። ሦስት ሰው ይበቃል፣ እናቱ አቅፋው ትያዝ፣ ፊኛ ጆሮው ስር አይፈንዳ። ከአምስት ዓመት በላይ ያሉት ጩኸቱን ይወዱታል፤ ለእነሱ የምትችሉትን ሁሉ አድርጉ። ከሌላ ጠረጴዛ ልጆች እየሮጡ መጥተው ከኬኩ ፊት ይደረደራሉ፤ አታባርሯቸው፣ የባለልደቱን እናት በዓይን ጠይቃችሁ አሰልፏቸው።

መቁረስና ማዳረስ

ሻማ እፍ ሲባል ምራቅ ኬኩ ላይ ይበተናል። በአሜሪካ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሻማ እፍ የተባለበት የኬክ ቅብ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ካልተነፋበት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 14 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። አብዛኛው ጤነኛን ሰው አይጎዳም፤ ባለልደቱ ጉንፋን ከያዘው ግን ዘዴ አለ። ሻማውን አንዲት ትንሽ ቁራሽ ላይ ለብቻ ሰክታችሁ ከትልቁ ኬክ ፊት አስቀምጡ። ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ቁራሿም የባለልደቱ ድርሻ ትሆናለች።

ቢላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉት፤ በየሁለት ቁራሹ ድገሙት፣ ክሬሙ አይጎተትም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ባለልደቱ ይቁረስና ለእናቱ ወይም ለሚወደው ሰው ያጉርስ፤ ከዚያ ኬኩን ወደ ጎን ጠረጴዛ ወስዳችሁ እናንተ ቁረጡት። ጉርሻው ሳያልቅ ሳህን ይዛችሁ መሐል አትግቡ።

ቤተሰቡ ከተስማማ ለአጎራባች ጠረጴዛዎች ትንሽ ትንሽ ላኩ። ሁለት ደቂቃ ዝምታቸውን የሰጧችሁ እነሱ ናቸው፤ ደግሞም ኬክ እያየ የተቀመጠን ልጅ ማሳለፍ በእኛ ባህል ነውር ነው። ብዙ ቤተሰብ «ለእናንተም» ብሎ ይሰጣል። ያን ጊዜ ከፊት ያሉት አስተናጋጆች ብቻ አይብሉት፤ ዕቃ ለሚያጥቡትና በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ውኃና ክሬም

ወጣቶች ባለልደት ላይ ውኃ መድፋት ለምደዋል፣ ፊት ላይ ክሬም መለቅለቅም አለ። አዳራሽ ውስጥ አይቻልም በሉ፤ ሴራሚክ ላይ የወደቀ ውኃ ትኩስ ሾርባ የያዘችውን አስተናጋጅ ይጥላታል። ግቢ ካላችሁ አንድ ጥግ አሳዩዋቸው፣ ፎጣ አቅርቡ። ይህም የሚነገረው በስልኩ ጊዜ ነው። ባለልደቱ አልፈልግም ካለ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆናችሁ አትሳቁ፣ መሐል ግቡ።

ቪዲዮ

አንድ አስተናጋጅ በቤተሰቡ ስልክ ይቅረጽ፤ ሁልጊዜ ከፎቶው የሚቀረው ቀራጩ የቤተሰብ አባል ነው። በራሳችሁ ስልክ ቀርጻችሁ በቤቱ ቲክቶክ መልቀቅ ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ ልጅ ከሆነ ወላጁን። በሰርፕራይዝ ያለቀሰ ሰው ፊት ማስታወቂያ አይደረግም።

ሂሳቡ

ኬኩ ከተበላ በኋላ ሂሳብ ይዛችሁ አትቅረቡ፤ እስኪጠሯችሁ ጠብቁ። የተረፈውን ኬክ በካርቶን አድርጉ፣ የቁጥር ሻማዋን አጥባችሁ በሶፍት ጠቅልላችሁ ለእናትየው ስጧት፤ የሚያስቀምጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ከቤቱ የተሰጠ ነገር ካለ፣ ማኪያቶም ይሁን ለስላሳ፣ ደረሰኙ ላይ እንዳልገባ ካሸሯ ጋ አረጋግጡ። የተሰጠው ቲፕ በቴሌብር ለአንድ አስተናጋጅ ቢላክም የሁሉም ነው፤ ያልዘመረው ሠራተኛ የሌላውን ጠረጴዛ ባይዝ ኖሮ ዘፈኑ አይኖርም ነበር። ፈንዲሻው ከወለሉ ላይ ቀጣዩ እንግዳ ሳይገባ ይጠረግ።

የመጨረሻው ሥራ ወደ ደብተሩ መመለስ ነው። በዓመቱ የሚደውለው ሰው ምናልባት ሌላ ልጅ ይሆናል፣ ስልኩን የምታነሳውም ሌላ አስተናጋጅ ትሆናለች። ያኔ ያየነው ሁሉ በሁለት መስመር ተጽፎ ይጠብቃት። የእኛ ደብተር ላይ ጥቅምት 13 እንዲህ ይላል፦ «እምዬ። ጭብጨባ የለም፣ የቁጥር ሻማ የለም። ድፎ ዳቦ ቤተሰቡ ያመጣል። ሙዚቃው ይዘጋ። ምርቃታቸው ይረዝማል፣ አታቋርጧቸው።»